ምጣዱ የማን ነው?

በስደት ከምንናገራቸው ቃላት ሁሉ «የኛ» የምትለዋን ያህል የምንደጋግማት ያለች አይመስለኝም። የኛ ምግብ፣ የኛ ቡና፣ የኛ ሙዚቃ፣ የኛ ባህል እንላለን። ይህን በማለታችን ሊፈረድብን አይገባም፤ በሰው አገር ለሚኖር ሰው ይህች ቃል መጠለያ ናት። ቀኑን ሙሉ ስሙን እያጣመሙ ሲጠሩት የዋለ ሰው፣ ማታ ቤቱ ሲገባ «ይህ ግን የኔ ነው» የሚለው አንድ ነገር ያስፈልገዋል። ይሁንና አንድን ነገር «የኛ» ለማለት የሚያበቃን ምንድን ነው? መብላታችን ነው? መናፈቃችን ነው? ወይስ ያ ነገር በማን እጅ እንደ ተሠራ ማወቃችንና ለዚያ እጅ የሚገባውን ክብር መስጠታችን? በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄውን ያገኘሁት ከመጻሕፍት አይደለም፤ ከጓሮዬ ጭቃ ነው።

በምኖርባት በቨርጂኒያ፣ ከቤቴ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ የእንጀራ ምድጃ ሠርቻለሁ። ለምን እንደ ደከምሁ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እያለ፣ እንጀራውም በየሱቁ በላስቲክ ታሽጎ እየተሸጠ፣ ጭቃ ማቡካት ምን ያደርጋል ይሉኛል። አባባላቸው እውነት አለው። እንዲያውም በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራ የሚጋግሩበት አንዱ ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ታሪኩ የሚያስገርም ነው። ዕቃው የተሠራው ለኛ ሳይሆን፣ ከኖርዌይ የመጡ ስደተኞች ይዘውት ለመጡት ሌፍሰ ለተባለ የድንች ቂጣ ነበር። የአንዱ ስደተኛ ናፍቆት የሌላውን ስደተኛ እንጀራ ጋገረ ማለት ነው። በዚህ መሣሪያ ለመጠቀም የሚያፍር ካለ በከንቱ ያፍራል። እኔ ግን አንድ ነገር ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን የበላሁት እንጀራ ሌማት ላይ ከመድረሱ በፊት ምን ያህል እውቀት እንዳለፈበት ማወቅ።

የቨርጂኒያ አፈር በብዙ ቦታ ከላይኛው ጥቁር አፈር ሥር ቀይ ሸክላ ነው። ሣሩን ገልጬ ቆፈርሁና ሥሩንና ጠጠሩን ለቅሜ በባልዲ ዘፈዘፍሁት። ውሃ ጠጥቶ ሲላላ አሸዋና የተከተፈ ጭድ ጨምሬ በእግሬ ረገጥሁት። በጡብ መሠረት ላይ ክቡን ግድግዳ በድርብርብ አቆምሁ፤ ከፊት የማገዶ መክተቻ፣ ከኋላ የጢስ መውጫ ተውሁለት፤ ከሥሩ ሙቀት እንዳያመልጥ አመድ ደለደልሁበት። አሠራሩን የወሰድሁት በትግራይና በኤርትራ ሞጎጎ ከሚባለው፣ ዙሪያው በጭቃ ከተከበበው ምድጃ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በግላጭ የሚነድ እሳት አብዛኛውን ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጣል። እሳቱ ሲከበብ ግን ማገዶው ይቆጠባል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በአገራችን የተስፋፋው፣ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ ምጣድ» የተመሠረተውም በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ጭቃ ቶሎ የሚገባ ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሸክላ አፈር ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ሲኰማተርም ይሰነጠቃል። አሸዋው መኰማተሩን ይቀንሰዋል፤ ጭዱ ያያይዘዋል። ፀሐይ በአንድ ወገን ብቻ ካገኘው ያ ወገን ቀድሞ ይደርቅና ሌላውን ይስበዋል። ስለዚህ ጥላ ያስፈልገዋል፤ ከጥላውም በላይ ትዕግሥት። ይህን ሁሉ ሕፃናት ሳሉ ከእናታቸው ጎን ቁጭ ብለው የተማሩ ሰዎች አሉ። እኛ «ጭቃ» ብለን በአንድ ቃል የምናልፈውን እነርሱ ይህ ለድስት ይሆናል፣ ይህ ለጀበና፣ ይህ ለምንም አይሆንም እያሉ በጣታቸው ዳስሰው ይለዩታል።

ምድጃውን እኔ ሠራሁት። ምጣዱን ግን አልሠራሁትም። ምጣዱ ከአዲስ አበባ በመጣ መንገደኛ እጅ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ በካርቶን ታሽጎ የመጣ ነው። የምድጃ ግድግዳ ቢወፍር ቢቀጥን ይታገሣል፤ ምጣድ ግን አይታገሥም። አንዱ ወገን ወፈር፣ ሌላው ወገን ሳሳ ካለ እንጀራው እዚህ ያርራል፣ እዚያ ጥሬ ይሆናል። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ትመርጣለች፣ ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፤ የተሰበረ የድሮ ሸክላ ፈጭታ ትቀላቅልበታለች፤ ገሉ አዲሱን ሸክላ ከመሰንጠቅ ያድነዋልና። ከዚያ ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጇ ብቻ፣ ክንድ ከስንዝር የሚሆን ክብ ሜዳ ታወጣለች። ገጹን በለስላሳ ድንጋይ ታሻለች፤ በጥላ ታደርቃለች፤ በጭድ፣ በኩበትና በእንጨት እሳት ትተኩሳለች። ገዢው ገበያ ላይ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ስንጥቅ ካለበት ድምፁ ይታፈናል። ቤት ሲደርስ በጎመን ዘር ይሟሻል። ከዚያ በኋላ እንጀራው ይወጣለታል። እኔ ቤት በደረሰው ምጣድ ላይ የሠሪዋ ስም የለም። እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ ስም ሲጻፍም አይቼ አላውቅም።

የምጣድ ነገር ከወጥ ቤት የሚያልፍ ታሪክ አለው። ዳያን ላየንስና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የአገራችን ደጋ ነዋሪ እንጀራውን በምጣድ የሚጋግርበትን ምክንያት ከእህሉ ጠባይ ጋር አያይዘው መርምረዋል። ስንዴ ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ ነገር ስላለው ሊጡ ዳቦ ሆኖ ይቆማል፤ በምድጃ ግድግዳ ላይም ሊለጠፍ ይችላል። ጤፍ ግን ይህ የለውም። የጤፍ ሊጥ ፈስሶ የሚያርፍበት ደልዳላና በእኩል የጋለ ገጽ ይፈልጋል። እንግዲህ ጤፍን ያገኘው ገበሬ ብቻውን እንጀራን አላገኘም። ምጣድን ያወጣችው እጅ ባትኖር ጤፍ ገንፎ ወይም ቂጣ ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ በዓለም ፊት «የኛ» ብለን የምንኰራበት እንጀራ ግማሽ ፈጣሪው አራሹ ከሆነ፣ ግማሽ ፈጣሪዋ ሸክላ ሠሪዋ ናት።

ምድጃው ደርቆ የመጀመሪያው እሳት በነደደበት ቅዳሜ ጥቂት ወገኖች ተሰብስበው ነበር። በዕድሜ የገፉ፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው አንዲት እናት የመክተቻውን አፍ በእርጥብ ጭቃ ስለስን አዩኝና፣ «ምነው ልጄ፣ እዚህ ድረስ መጥተህ ጠይብ ሆንክ? በል እንግዲህ ዓይንህን ከልጆቻችን ላይ አንሣ!» አሉኝ። ቀልዱ ክፋት አልነበረበትም፤ ሰውም ሣቀ። እዚህ አገር ተወልዳ ያደገች አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ስላልገባት፣ «ጠይብ ማለት ምንድን ነው? ለምን ያስቃል?» ብላ ጠየቀች። ትልልቆቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አንዱ፣ «ተዪው የኔ ልጅ፣ የድሮ ነገር ነው» አላት። እንጀራው ወጣና ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ።

የልጅቷ ጥያቄ ግን ከኔ ጋር ቀረ። «ጠይብ» የሚለው ቃል ከግእዙ «ጠቢብ» የወረደ ነው። ጠቢብ ማለት ብልህ፣ አዋቂ፣ እጁ የሠለጠነ ማለት ነው። «ጥበብ» የምንለው ያ ታላቅ ቃል፣ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነውን ጌጥ ሳይቀር የምንጠራበት ቃል፣ ከዚያው ግንድ ነው። አንድ ሕዝብ የብልህነትን ስም ወስዶ ስድብ ሲያደርገው ምን ማለት ነው? ብልህነትን ጠልቶ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ጥበብን በቅኔውም በዜማውም ያከብራልና። የጠላው፣ ጥበብ በዚያች እጅ ውስጥ መገኘቷን ነው።

ታሪኩ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ ብቻ አንናገረውም። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው በየአካባቢው በልዩ ልዩ ስም ተለይተው ኖረዋል። ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለዋል። በወላይታ ጭናሻ፣ በዳውሮና በጋሞ ማና የተባሉት ሸክላ ሠሪዎች ከአራሹ ጋር እንዳይጋቡ ተከልክለው ኖረዋል፤ በአንዳንድ ቦታ መቃብራቸው ሳይቀር የተለየ ነበር። በጎንደር አካባቢ ሸክላውን የሚሠሩት በአብዛኛው የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ክርስትናን ያልተቀበለ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ እንዳወጁ በትውፊት ይነገራል። ርስት የሌለው ሕዝብ በእጁ ሥራ ከማደር በቀር ምን ምርጫ አለው? «ፈላሻ» የተባለውና ራሳቸው ቤተ እስራኤል የማይወዱት ስም ከ«ፈለሰ» ጋር የሚያያዘውም በዚሁ ነገር ነው። እስቲ እኛ ስደተኞች ይህን ቃል ቆም ብለን እንየው፤ እነዚህ ሰዎች በተወለዱበት መንደር፣ የአያቶቻቸው አጥንት ባረፈበት መሬት ላይ ተቀምጠው ስደተኛ የተባሉ ናቸው።

በደሉን ያዩ ሰዎች አልጠፉም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለው በሚሳደበው ላይ ቅጣት ደንግገዋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም በሕግ ደረጃ ለእጅ ሠራተኛው የመሬት በር ከፍቶለታል። ይሁንና አዋጅ ምላስን ይገታ ይሆናል፤ ማዕድን ግን አያስተካክልም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል በአንድ ቀን ተኩል ገደማ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ከእነርሱ ጋር የብዙ ዘመን የሸክላ እውቀት ከአገር ወጣ። «ሄዱ» አልን እንጂ፣ ምጣዳችንን ትሠራልን የነበረችው እጅ ሄደች ያለ ሰው አልሰማሁም።

የነገሩን ሥር ለማየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ርኩሰቱ የት ላይ ቆመ? የሸክላ ሠሪዋ እጅ ርኩስ ነው ከተባለ፣ ያ እጅ ቀኑን ሙሉ ያሸው ምጣድ እንዴት ንጹሕ ሆነ? እርሷ በደጃፍ ቆማ ዕቃዋን ታስረክባለች፤ ደጃፉን አልፋ አትገባም። ምጣዱ ግን ደጃፉን ያልፋል፤ ከጓዳ ይገባል፤ የጾም መፍቻው፣ የክርስትናው፣ የሠርጉ እንጀራ ሁሉ በእርሱ ላይ ይጋገራል። ርኩሰት የሚባለው ነገር በእውነት በእጅ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት በምጣድ ይተላለፍ ነበር። እሳት አነጻው የሚል ይኖር ይሆናል። እሳት የሚያነጻ ከሆነ፣ በየቀኑ ከእሳት ፊት ከምትቆም ሴት የበለጠ ንጹሕ ማን ነው? እምነቱ የቆመው የበላተኛው ጥቅም በሚጀምርበት ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው። ዕቃውን የሚያስቀርብን ሆኖ ቢገኝ ኖሮ አናምነውም ነበር፤ የሚያስቀርብን ሰውየዋን ብቻ ስለሆነ አመንነው።

በእርግጥ ነገሩ ከአንድ ወገን ብቻ እንዳልነበረ መናገር ተገቢ ነው። ቤተ እስራኤልም በበኩላቸው ጥብቅ የመንጻት ሥርዓት ነበራቸው፤ ከሌላው ጋር መነካካትን ይጸየፉ ነበር። ሁለቱም አጥር አጥረዋል። ይሁን እንጂ ሁለት አጥሮች ስላሉ ብቻ ሁለቱ ጎረቤቶች እኩል አይሆኑም። አንደኛው አጥር ውስጥ ርስቱ፣ ዳኝነቱና ሥልጣኑ ነበሩ፤ በሌላኛው ውስጥ እጅና አፈር ብቻ።

በዚህ ላይ የሚነሡትን መከራከሪያዎች አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹም ቀላል አይደሉም።

የመጀመሪያው፣ «ዋጋዋን ተቀብላለች፤ ገበያ ነው፤ ዕዳ የለብንም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ተከፍሏታል። በብዙ ቦታ የድስት ዋጋ ድስቱ የሚይዘው እህል ነበር። ነገር ግን ሻጭ ዋጋዋን ስትደራደር ሌላ ምርጫ ሊኖራት ይገባል። መሬት የላትም፤ ሌላ ሙያ ብትይዝም ከነስሟ ነው፤ ልጇን ለአራሽ ልጅ አትድርም። ንቀቱ ራሱ ዋጋ ማውረጃ ነበር። የናቅኸውን ሰው ሥራ በርካሽ ትገዛለህ፤ በርካሽ ስለ ገዛኸውም ትንቀዋለህ።

ሁለተኛው፣ «እኔ አላደረግሁትም» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ ልጅ በአባቱ ጥፋት አይከሰስም። ነገር ግን ጥፋትና ዕዳ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥፋት ከሠሪው ጋር ይሞታል፤ ዕዳ ግን ከውርሱ ጋር ይሄዳል። ከአባቱ ቤትና ከብት የወረሰ ሰው፣ አበዳሪ ሲመጣበት «ቤቱ የኔ ነው፣ ዕዳው ግን የአባቴ ነው» ቢል ሽማግሌ ይስቅበታል። እኛ ውርሱን አንተውም፤ እንጀራውን በሄድንበት ይዘነው ሄደናል፤ በስሙ ምግብ ቤት ከፍተናል፤ ለባዕድ ስንጋብዝ ደረታችንን ነፍተን ነው። ውርሱን የያዘ ሰው ዕዳው ሲቆጠር ከስብሰባው ሊወጣ አይችልም።

ሦስተኛው ለልጅቷ የተሰጣት መልስ ነው፤ «የድሮ ነገር ነው»። ይህ መከራከሪያ ከሁሉም የሚያጓጓ ነው፤ እውነት ቢሆን ሁላችንም እንገላገል ነበር። እውነት አለመሆኑን ለማሳየት ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት አካባቢ የሆነውን ልጥቀስ፤ ስም አልጠራም። ሁለቱም እዚህ ያደጉ፣ ለአራት ዓመት የተዋደዱ ወንድና ሴት ነበሩ። ሽማግሌ ተላከ፤ ቀን ሊቆረጥ ምንም አልቀረም። ከዚያ እንደ ወጉ «አጥንቱ ይጠና» ተባለና ወደ አገር ቤት ስልክ ተደወለ። በሳምንቱ የልጁ ሴት አያት ሸክላ ሠሪ እንደ ነበሩ ወሬው ደረሰ። ከዚያ በኋላ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። የልጅቷ አባት፣ «እኔስ ምን ቸገረኝ፤ ሰው ምን ይላል?» አሉ። እናቷ ታመምሁ አሉ። አክስቶች በየተራ እየመጡ አለቀሱ። ጋብቻው አልሆነም። በልጁ የተነቀፈ ጠባይ፣ የተገኘ ነውር የለም። አያቱ በሕይወታቸው የሠሩት በደል፣ ሌላው ሰው እንጀራ የሚጋግርበትን ምጣድ መሥራታቸው ነው።

ውቅያኖስ ተሻግረን፣ ዜግነት ለውጠን፣ ቋንቋ ለምደን፣ ከሻንጣችን ያላወጣነው ይህንን ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የምንለው ተረት በስደት ፖለቲካችን ለመንግሥታት መለዋወጥ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፤ ለራሳችን ሲጠቀስ ግን አልሰማሁም። እኛም ጉልቻ ለውጠናል። ወጡ ግን ያው ነው።

ነገሩን የሚያሳዝነው፣ ንቀት ምን እንደሚመስል የማናውቅ ሰዎች አለመሆናችን ነው። በመካከላችን በአገሩ መምህር የነበረ ዛሬ መኪና ያቆማል፤ ሹም የነበረ ታክሲ ይነዳል፤ ነርስ የነበረች የሰው አረጋዊ ታጥባለች፤ በዓረብ አገሮች ያሉ እህቶቻችንማ የደረሰባቸውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በሥራችን ምክንያት ዓይን አልፎን ሲሄድ፣ ስማችን ሳይጠየቅ ሲቀር፣ በጓዳ በር ግቡ ስንባል ምን እንደሚሰማ እናውቃለን። ይህ እውቀት ትልቅ አስተማሪ ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን የተናቀ ሰው በመናቁ ብቻ ጻድቅ አይሆንም፤ አንዳንዴም ከራሱ በታች የሚያደርገው ሌላ ሰው ይፈልጋል። «አመድ በዱቄት ይስቃል» ይባላል። መከራ ሰውን የሚያስተምረው ራሱን በሌላው ቦታ ለማየት ፈቃደኛ ሲሆን ብቻ ነው።

ስለ ናፍቆትም አንድ ነገር ልበል። ናፍቆት እንደ ወንፊት ነው፤ ደቃቁን አሳልፎ ሸካራውን ያስቀራል። የምድጃውን ሽታ እናስታውሳለን፤ ጢሱን ግን እንረሳለን። በዚያ ጢስ ዓይናቸው የቀላ፣ ሳል የያዛቸው እናቶቻችን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ገምቷል፤ ይህ የድሮ ነገር አይደለም። የኔ ምድጃ ውጭ ነው፤ የምነድበትም ስፈልግ ብቻ፣ ለደስታዬ ነው። አንዲት የገጠር እናት ግን ማገዶውን ተሸክማ፣ ጢሱን ጠጥታ፣ ልጇን አዝላ የምታደርገው ሥራ ነው። የሁለታችንን ሥራ በአንድ ስም «ባህል» ብሎ መጥራት ለኔ ክብር፣ ለእርሷ በደል ይሆናል። ጢሱንም ሠሪዋንም የረሳ ናፍቆት ፍቅር ሊባል አይችልም። ፍቅር የሚወደውን ነገር ዋጋ ያውቃል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ደረት መምታት አልመክርም፤ በሌላው ሰው ኃጢአት ማልቀስ ቀላልና አንዳንዴም የሚያስደስት ነገር ነው። የምለው ዕዳውን እንደ ዕዳ እንክፈለው ነው፤ ዕዳ የሚከፈለው ደግሞ ባለን ነገር ነው። ለልጆቻችን ስለ እንጀራ ስንነግር ስለ ጤፉና ስለ ሊጡ ብቻ አንንገር፤ ምጣዱን ማን እንደ ሠራው፣ ያ ሰው ምን ይባል እንደ ነበርም እንንገራቸው። «ጠይብ» ምን ማለት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ልጅ ከሁለቱም ወገን መልስ ይሰጠው፤ ቃሉ ከጠቢብ እንደ ወረደም፣ ስድብ እንደ ሆነም ይወቅ። የእጅ ሥራ ስንገዛ በፈረንጅ ሱቅ ያለ ንትርክ የምንከፍለውን ያህል፣ ከአገራችን ሸክላ ሠሪ ስንገዛም ለመክፈል እጃችን አይጠር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ አጥንት የሚደወለው ስልክ ይቁም። ሌላው ሁሉ ያለ እርሱ ጌጥ ነው። ሰው የእገሌን ሥራ አከብራለሁ ማለቱ የሚታወቀው፣ ልጁን ለልጁ ሲጠይቁት በሚሰጠው መልስ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ፈጣሪን በሸክላ ሠሪ መስለውት እናነባለን፤ ሰውም የተበጀው ከአፈር ነው። ይህን በየሳምንቱ የሚሰማ ምእመን አፈር የምታበጅን ሴት ከደጃፍ መመለሱ ለብዙ ዘመን አልከበደውም። ምሳሌውን ሲሰማ ሰማዩን ብቻ ስለሚያይ ይሆናል፤ ምሳሌው የተወሰደባት ሴት ግን ከአጠገቡ፣ ከመንደሩ ዳር ነበረች።

ምጣዱ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ የኔ መልስ ይህ ነው። ምጣዱ በመጀመሪያ የሠሪዋ ነው። የኛም ሊሆን ይችላል፤ ግን «እኛ» የምንለው ቃል እርሷን፣ ልጇንና የልጅ ልጇን እስኪያካትት ድረስ ከሰፋ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ በሰው ዕቃ እንጀራ የምንጋግር፣ ባለቤቷንም ውጭ ያቆምን ተዋሾች ነን።